በእሳት ፊት የሚያዝ ማን ነው?

እሳት በአንድ ከተማ ላይ በተነሣ ጊዜ ከውሃው አስቀድሞ የሚታጣው ትእዛዝ ነው። ባለቤቱ «ዕቃዬን አውጡልኝ» ብሎ ይጮኻል፤ ጎረቤቱ «የኔን ግድግዳ አርጥቡልኝ» ብሎ ይማልዳል፤ ዳኛው በሥልጣኑ፣ የጦር መኰንኑ በመዓርጉ፣ ባለጸጋው በገንዘቡ ያዝዛል፤ ቱቦውን የጨበጠው ሠራተኛ ግን ውሃውን ወደ አንድ ወገን ብቻ መላክ የሚችል ስለ ሆነ አንዱን ታዝዞ አራቱን ማሳዘን ግድ ይሆንበታል፤ እሱ በዚህ መካከል ሲያመነታም ነበልባሉ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ወደሚቀጥለው ጣራ ይሻገራል። ስለዚህ የእሳት ማጥፋትን ሥራ ታሪክ የሚመረምር ሰው ስለ ፓምፕና ስለ ቱቦ ከመጠየቁ አስቀድሞ በእሳት ፊት የማዘዝ ሥልጣን ለማን እንደ ተሰጠና በምን ምክንያት እንደ ተሰጠ ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህ ጥያቄ ጎልቶ ተነሥቶ ቁርጥ ያለ መልስ ካገኘባቸው ስፍራዎች አንዱና ዋናው የስኮትላንድ መዲና ኤዲንብራ ናት፤ ጊዜውም 1824 ዓ.ም. ነበር (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው)።

የኤዲንብራ አሮጌው ከተማ አሠራር ለእሳት እጅግ የተመቸ ነበር። በኮረብታው ራስ ላይ ከተሠራው ጥንታዊ ምሽግ ጀምሮ ወደ ምሥራቅ እስከ ሆሊሩድ ቤተ መንግሥት ድረስ አንድ ታላቅ ጐዳና በኮረብታው ጀርባ ላይ ይወርዳል፤ ከጐዳናው ግራና ቀኝም ሁለት ሰዎች ጐን ለጐን በጭንቅ የሚያልፉባቸው ጠባብ መተላለፊያዎች ወደ ታች ይሰነጠቃሉ። ስፍራው ጠባብ፣ ሕዝቡም ብዙ ስለ ነበረ ቤቱ ወደ ጐን መስፋት ቢያቅተው ወደ ላይ ወጣ፤ ስምንትና ዐሥር ፎቅ ያላቸው፣ አንዳንዶቹም ከዚያ የሚያልፉ ሕንጻዎች ተደጋግፈው ቆሙ፤ ብዙ ቤተ ሰቦች በአንድ የጋራ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ይኖሩባቸው ነበር። የውጭው ግድግዳ ድንጋይ ቢሆንም ወለሉ፣ መከፋፈያውና የጣራው ተሸካሚ ሁሉ እንጨት ነበረ። ከታች የተነሣ እሳት ደረጃውን እንደ ጭስ ማውጫ አድርጎ ወደ ላይ ይሮጣል፤ ከላይ ያሉትም ሰዎች መውረጃ አያገኙም።

በ1700 ዓ.ም. በፓርላማ አደባባይ አጠገብ ከደረሰው ታላቅ እሳት በኋላ የከተማው ምክር ቤት በ1703 ዓ.ም. እሳት የሚያጠፋ ማኅበር አቁሞ ነበር። ከዚያም በኋላ የመድን ኩባንያዎች እየተነሡ እያንዳንዱ የየራሱን ፓምፕ ገዛ፤ የየራሱንም ሰዎች ቀጠረ። ይህ ነገር ለጊዜው የሚጠቅም ቢመስልም ውስጡ ሲታይ ከተማውን በጌታ ብዛት የከፋፈለ ነበር፤ የአንዱ ኩባንያ ሰው ለሌላው ኩባንያ ሹም አይታዘዝምና። በ1824 ዓ.ም. የከተማው ሹማምንትና ኩባንያዎቹ ገንዘብ አዋጥተው አንድ የጋራ የእሳት አጥፊ ጓድ ለማቆም ተስማሙ። የጓዱም አዛዥ እንዲሆን ጄምስ ብሬድውድ የሚባል፣ በ1800 ዓ.ም. በዚያው ከተማ የተወለደ፣ በሕንጻ ሥራ ውስጥ ያደገና የሕንጻን አለካክ የተማረ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ተመረጠ። ምርጫው የሚያስደንቅ ነው፤ ሹማምንቱ ሽበት ያለውን የጦር ሰው ወይም የታወቀ ቤት ልጅ ትተው፣ ግድግዳ እንዴት እንደሚቆምና ምሰሶ የት እንደሚያርፍ የሚያውቀውን መርጠዋልና።

ወጣቱ ሹም ግን ሰዎቹን አሠልጥኖ ለመጨረስ ጊዜ አላገኘም። ከተሾመ ጥቂት ሳምንታት ብቻ እንዳለፉ ኖቬምበር 15 ቀን ሰኞ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ኦልድ አሴምብሊ ክሎዝ በሚባለው መተላለፊያ ውስጥ ከአንድ የብረት ላይ ሥዕል ቀራጭ ሥራ ቤት እሳት ተነሣ። ፓምፖቹ ደረሱ፤ ነገር ግን መተላለፊያው ጠባብ፣ ሕንጻውም ረጅም ስለ ነበረ ወደ እሳቱ ልብ ለመቅረብ አልተቻለም፤ ነበልባሉም በመስኮት ወጥቶ በመስኮት እየገባ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ተላለፈ። ሌሊቱን ሙሉ በሃይ ስትሪት ዳር ያሉት ታላላቅ ሕንጻዎች አንዱ ከሌላው በኋላ ነደዱ። ማክሰኞ እኩለ ቀን ሲቃረብ፣ ሕዝቡ ሁሉ መከራው አለፈ ብሎ በተጽናናበት ሰዓት፣ ከፍርስራሹ የተነሣ ፍንጣሪ በነፋስ ተወስዶ በትሮን ቤተ ክርስቲያን የደወል ግንብ ላይ ዐረፈ። ግንቡ ከእንጨት ተሠርቶ በእርሳስ የተለበጠ ስለ ነበረ እርሳሱ ቀልጦ እንደ ዝናም ወረደ፤ ሊያጠፉ የወጡትም ሰዎች ነፍሳቸውን ለማዳን ሸሹ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ምእመናንን ለጸሎት ሲጠራ የኖረው ታላቁ ደወልም ወደቀ። ሕንጻ ቤተ ክርስቲያኑ ግን በብዙ ድካም ዳነ።

መከራው በዚህ አላበቃም። በዚያው ማክሰኞ ማታ፣ የደከመው ሕዝብ ገና ዐይኑን ሳይከድን፣ በፓርላማ አደባባይ ማዕዘን ላይ ባለው ዐሥራ አንድ ፎቅ ሕንጻ ራስ ላይ ሌላ እሳት ታየ፤ ይህም በከተማው ውስጥ ከፍተኛ ከተባሉት ሕንጻዎች አንዱ ነበረ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የአደባባዩ አንድ ወገን ጠፋ። እሳቱ የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ብለው በየመንገዱ የሚያለቅሱ ብዙዎች ነበሩ። ነዲዱ ፈጽሞ ሲበርድ 13 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ ከነዚህም መካከል ከጓዱ ሰዎች የነበሩ አሉበት፤ 400 ያህል ቤቶች ጠፍተው መቶዎች ቤተ ሰቦች በኖቬምበር ብርድ ውጭ አደሩ። ግማሹ ተቃጥሎ ግማሹ የቀረው ግድግዳም ለአላፊ አግዳሚው አስፈሪ ስለ ሆነ ወታደሮችና መርከበኞች በባሩድና በሰንሰለት አፈረሱት።

በእነዚያ ሌሊቶች የተዋጋ ሰው አልታጣም፤ እንዲያውም በዛ። ከምሽጉ ወታደር ወረደ፤ የከተማው ሹማምንት በመዓርግ ልብሳቸው ወጡ፤ የኩባንያዎቹ እንደራሴዎች ደረሱ፤ ታላላቅ ዳኞችና የሕግ ሰዎች ሳይቀሩ በሥራው ገቡ። ሁሉም ከልባቸው ደከሙ፤ ሁሉም ግን አዘዙ። ፓምፑን አንዱ ወደ ላይኛው መተላለፊያ ይዛችሁ ውጡ ሲል ሌላው ወደ ታችኛው አውርዱት ይላል፤ ቱቦው ተፈትቶ ሳያልቅ ስፍራ ይለወጣል፤ በዕድሜ ከሁሉም የሚያንሰውና በመዓርግ የበታች የሆነው ብሬድውድ፣ ሥራውን የሚያውቅ እሱ ሆኖ ሳለ፣ ቃሉ በታላላቆቹ ቃል ይሸፈን ነበር። በአገራችን በጥንቱ የጦር ሥርዓት ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኝ አዝማቹና ግራ አዝማቹ በየክንፋቸው፣ ደጀኑም ከኋላ ሆነው ሁሉም ወደ አንድ ድንኳን እንደሚመለከቱ አንባቢ ያውቃል፤ ያ ድንኳን ከመካከል ቢነሣ ሁሉም ጀግና ቢሆኑ እንኳ ሰልፉ ሰልፍ መሆኑ ይቀራል። ኤዲንብራ በእነዚያ ሌሊቶች ድንኳን የሌለው ሰፈር ነበረች።

ከእሳቱ በኋላ፣ እንደ ተለመደው፣ ሕዝቡና ጋዜጣው ጥፋተኛ ፈለጉ፤ በአዲሱ ጓድና በወጣቱ አዛዥ ላይም ብዙ ተነገረ። ነገሩ በሚገባ በተመረመረ ጊዜ ግን ጥፋቱ በሰዎቹ ስንፍና ሳይሆን በአዛዦቹ ብዛት መሆኑ ታወቀ። ስለዚህም ከዚያ ቀን ወዲህ በእሳት ስፍራ የበላይ ትእዛዝ ለጓዱ አዛዥ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ሹማምንቱ ሕዝቡን ከአደጋው ስፍራ የማራቅና ሥርዓት የማስከበር ድርሻ ቀራቸው፤ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ፣ የቱ ቤት እንደሚተውና የቱ እንደሚጠበቅ መናገር ግን የብሬድውድ ሥራ ሆነ። ስለ እሳት አጥፊዎች ጀግንነት ብዙ ተጽፏል፤ የሚገባም ነው። እኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሊመሰገን የሚገባው የሹማምንቱ ሥራ ይመስለኛል። በዘር፣ በሀብትና በሹመት የሚበልጡ ሰዎች፣ ከተማቸው ሲነድ ዝም ብለው ቆመው የአንድ የግንበኛ ወገን ወጣት ቃል እንዲሰማ መፍቀዳቸው ቀላል ነገር አይደለም። በሰላም ጊዜ ሥልጣንን ማካፈል የሚችል ብዙ ነው፤ በጭንቅ ሰዓት ግን ሰው ሁሉ ያለውን ሥልጣን አጥብቆ ይይዛል፤ እነሱ አስቀድመው በምክር ቤት ተቀምጠው ለዚያች የጭንቅ ሰዓት እጃቸውን አሰሩ።

ብሬድውድም የተሰጠውን ሥልጣን በጩኸት ሳይሆን በዝግጅት አጸናው። ለጓዱ የመረጣቸው ሰዎች የታወቁ አምስት ሞያዎች ባለቤቶች ነበሩ፤ ጣራ ከዳኞች፣ አናጢዎች፣ ግንበኞች፣ የውሃ ቧንቧ ሠራተኞችና አንጥረኞች። ምክንያቱንም አንድ በአንድ አስረድቷል፤ ጣራ ከዳኛው በከፍታና በሚያንሸራትት ስፍራ መሄድ ለምዷል፤ አናጢውና ግንበኛው ሕንጻው የት ላይ እንደሚሸከምና መቼ እንደሚወድቅ ያውቃሉ፤ የቧንቧ ሠራተኛው ከመንገዱ በታች ያለውን ውሃ ያገኛል፤ አንጥረኛው ሙቀቱን ይታገሣል። ወጣቶችን መረጠ፤ በልዩ ልዩ መልመጃ ሰውነታቸውን አጠነከረ፤ በገመድ ከከፍታ መውረድን አስተማራቸው። ልምምዱም ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ይደረግ ነበር፤ በዚያ ሰዓት መንገዱ ባዶ ነው፤ ሰዎቹም ከዕለት ሥራቸው አይታጐሉም፤ ከሁሉም በላይ እሳት የሚበረታው በሌሊት ነውና ጨለማው ራሱ መምህር ይሆናቸዋል። ከተማውን በአራት ክፍል ከፍሎ የየክፍሉን ፓምፕ በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በቢጫና በግራጫ ቀለም ለየው፤ በነዲዱ ጩኸት መካከል የሰው ድምፅ ስለማይሰማም በፉጨት የሚታወቁ ምልክቶችን ሠራ። አንድ ፉጨት የሚሰማ ሰው ማን እንደ ተጠራና ምን እንደ ታዘዘ ያውቃል፤ ዳኛም ሆነ ኮሎኔል ያንን ፉጨት አያውቅምና በመካከል ሊገባ አይችልም።

ስለ አለባበሳቸውም እንዲሁ በብዙ ጥንቃቄ አስቧል። ሰማያዊ ኮትና የሸራ ሱሪ አለበሳቸው፤ በራሳቸው ላይ የጫነላቸው ከጠንካራ ቆዳ የተሠራ የራስ ቁር ግን የተለየ ነው። በላዩ ውስጡ ባዶ የሆነ የቆዳ ጉትያ አለው፤ የሚወድቀው እንጨትና ድንጋይ በቀጥታ አናት እንዳይመታ ያበርዳል። መልኩን የወሰደው ከኒው ዚላንድ ተወላጆች የጦር ቁር ሲሆን፣ የቀለጠ እርሳስና ትኩስ ፍርስራሽ በማጅራት እንዳይገባ ከኋላው የቆዳ መከለያ ጨመረበት። የትሮን ቤተ ክርስቲያን እርሳስ በሰዎች ላይ ሲዘንም ያየ ሹም ይህን መከለያ ሳያስብ አይቀርም።

በ1830 ዓ.ም. ስለ ፓምፖች አሠራር፣ ስለ እሳት አጥፊዎች ሥልጠናና በእሳት ጊዜ ስለሚደረገው ሥርዓት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያም ውስጥ ያለው ትምህርት እስከ ዛሬ ድረስ በየአገሩ የሚሠራበት ነው። ከሱ በፊት የነበረው ልማድ ከመንገድ ላይ ቆሞ ውሃን ወደ ጭሱ መርጨት ነበር፤ ብሬድውድ ግን ሰዎቹ ወደ ቤቱ ውስጥ ገብተው ውሃው የሚነደውን ነገር ራሱን እንዲመታ አዘዘ፤ ጭስን ማራስ ውሃን ማባከን ነውና። ጭስ በሞላበት ክፍል ውስጥ ንጹሕና ቀዝቃዛ አየር የሚገኘው በወለሉ አጠገብ ስለ ሆነ ዝቅ ብለው እንዲሳቡ አስተማረ፤ ማንም ሰው ብቻውን እንዳይገባ ከለከለ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲያወጣው። ውሃው እስኪደርስም ድረስ በርና መስኮቱ ተዘግቶ እንዲቆይ አጥብቆ አሳሰበ፤ እሳት የሚበላው ባገኘው አየር ልክ ነውና በሩን የሚሰብር ደግ ሰው ሳያውቅ እሳቱን ይመግባል። በአንድ የብረታ ብረት ሱቅ ውስጥ እሳት በተነሣ ጊዜ፣ በውስጡ ባሩድ መኖሩ ቢሰማ ሌላውን ሰው ግባ ሳይል ራሱ ገብቶ በርሜሉን ተሸክሞ ወጣ። እንዲህ ያለ ሰው በፉጨት ሲጠራ እግር አይጐተትም።

ዝናው ወደ ደቡብ ስለ ወረደ፣ በለንደን ዐሥር የመድን ኩባንያዎች ጓዶቻቸውን አንድ ባደረጉ ጊዜ አዛዥ እንዲሆን ብሬድውድን ጠሩት፤ ሥራውም በ1833 ዓ.ም. ጃኑዋሪ 1 ቀን በ80 ሰዎች ተጀመረ። በለንደን ቀኑንም ሌሊቱንም በተጠንቀቅ የሚኖሩ ሰዎች ስለ ፈለገ መርከበኞችን መረጠ፤ ባሕር ለመታዘዝና በማናቸውም ሰዓት ከእንቅልፍ ለመነሣት አስቀድሞ አስተምሯቸዋልና። በሚቀጥለው ዓመት ኦክቶበር 16 ቀን የዌስትሚንስተር ፓርላማ ሕንጻ በተቃጠለ ጊዜ ሁሉን ለማዳን እንደማይቻል አይቶ ሌላውን ትቶ ኀይሉን በጥንታዊው የዌስትሚንስተር አዳራሽ ላይ አከማቸ፤ አዳራሹም እነሆ እስከ ዛሬ ቆሟል። የሚጠፋውን ለይቶ መተው ከማዘዝ ሥራ ሁሉ የሚከብደው ነው።

ሆኖም በለንደን ያለው ሥርዓት ከኤዲንብራው ይልቅ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ጓዱ የኩባንያዎቹ እንጂ የከተማው አልነበረም፤ ሥልጣኑም በሕግ ሳይሆን በብሬድውድ ስምና በሕዝቡ አክብሮት ላይ የቆመ ነበር። ብሬድውድ ራሱም በእንፋሎት የሚሠራውን ፓምፕ ለመቀበል ብዙ ዘመን አመነታ፤ የውሃው ብዛት ሰዎቹ ወደ ውስጥ መግባታቸውን ትተው ከሩቅ እንዲረጩ ያደርጋል ብሎ ይሠጋ ነበር። ሥጋቱ ከትምህርቱ የመጣ ስለ ሆነ ልንረዳለት ይገባል፤ የቴምስ ወንዝ ዳር መጋዘኖች ግን በእጅ ከሚገፋ ፓምፕ ዐቅም በላይ እየሆኑ ሄደው ነበር።

በ1861 ዓ.ም. ጁን 22 ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቱሊ ስትሪት፣ ኮተንስ ዎርፍ በሚባለው መጋዘን ውስጥ እሳት ተነሣ። በዚያ ቃጫ፣ ጥጥ፣ ስኳር፣ ሞራ፣ ሻይና ቅመም ተከማችቶ ነበር፤ እሳት እንዳይተላለፍ ተብለው የተሠሩት የብረት በሮችም ክፍት ሆነው ቀርተዋል። ወንዙ ጐድሎ ስለ ነበረ በጀልባ ላይ ያሉት ፓምፖች ውሃ ለማግኘት ተቸገሩ። ብሬድውድ ሙቀቱ ያዛላቸውን ሰዎቹን እየዞረ ሲያጽናናና የሚጠጣ ሲያድላቸው ሳለ የመጋዘኑ ግድግዳ ተንዶ ወደቀበትና ሞተ። ሬሳው ከፍርስራሹ የወጣው ሁለት ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ስድሳ ዓመት ሆኖት ሳለ በግድግዳው ሥር፣ ከቱቦ ያዦቹ አጠገብ ነበረ። ሰዎቹ ግን አልተበተኑም፤ የየጣቢያው አለቆች ሥራውን ይዘው ቀጠሉ፤ ሠላሳ ዓመት ያህል በየማለዳው የተዘራው ሥርዓት በዚያች ሰዓት ፍሬውን አሳየ። ፍርስራሹ ሁለት ሳምንት ያህል ጤሰ፤ የጠፋው ሀብት ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተገመተ፤ በቀብሩ ዕለትም የለንደን ሕዝብ ለነገሥታት እንደሚያደርገው በየመንገዱ ተሰልፎ፣ የአብያተ ክርስቲያናት ደወል እየተደወለ ወደ አብኒ ፓርክ መካነ መቃብር ሸኘው።

የመድን ኩባንያዎቹ ይህን ሸክም ከእንግዲህ ወዲያ ብቻችንን አንችልም አሉ። ፓርላማውም ጉዳዩን መርምሮ በ1865 ዓ.ም. ሕግ አወጣ፤ በሕጉም መሠረት በ1866 ዓ.ም. ጃኑዋሪ 1 ቀን የለንደን ከተማ እሳት አጥፊ ጓድ በካፒቴን አየር ማሲ ሾ አዛዥነት ሥራውን ጀመረ። ወጪው ከከተማው ነዋሪዎች ግብር፣ መንግሥት በየዓመቱ ከሚሰጠው 10,000 ፓውንድና ኩባንያዎቹ መድን ከገቡለት ሀብት በየሚሊዮኑ ከሚከፍሉት 35 ፓውንድ እንዲሸፈን ተደረገ። ከዚያ በፊት በአንድ ሰው ስም ላይ ቆሞ የነበረው ሥልጣንም በሕጉ ውስጥ ተጻፈ፤ በእሳት ስፍራ ያለው የጓዱ አዛዥ፣ ለመርዳት የመጡትን ሁሉ በትእዛዙ ሥር ሊያደርግ፣ ሥራውን የሚያሰናክለውን ሰው ከስፍራው ሊያስወጣ፣ የማናቸውንም ሰው ቤት ሊሰብርና ሊያፈርስ፣ በሌላው ሰፈር የሚሄደውን ውሃ አስዘግቶ ወደ እሳቱ ሊያመጣ ይችላል። ፖሊሶችም እንዲረዱት ተፈቀደ። ሕጉ ባለቤቱንም አልረሳም፤ አዛዡ እሳቱን ለመግታት ሲል ያፈረሰው ግድግዳና የሰበረው በር እሳት ራሱ እንዳጠፋው ተቈጥሮ፣ የመድን ኩባንያው ለባለቤቱ እንዲከፍል ደነገገ።